ጸሐፊውን ያቀዘቀዝኩበት በጋ

የትኛው ዓመት እንደነበር ልንገራችሁ ብል እዋሻለሁ። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ወይም ወርደው ወሬው እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ያን ጊዜ ወሬ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው ጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ነው፤ መኪናው ደግሞ መንገድ ላይ ይበላሻል። የማውቀው፣ በልጉ የቀረበት ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ጊዜ እንደነበር ነው። እኛ ዓመት የምንቆጥረው በዝናብ ነበርና ዝናቡ ሲቀር ቆጠራውም ተምታታብን። እናቴ ከሞተች በኋላ ነው፣ እኔ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፣ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከዚህ በላይ አትያዙኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን የጤና መድን ደብተሬን ላሳድስ ወረዳው ቢሮ መሄዴ ነው። ደብተሩን የምታድሰው ልጅ ጠረጴዛዋ ላይ የእጅ መስታወት የምታክል ማራገቢያ አቁማለች፤ ፊቷ ላይ ታነፍስባታለች፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ ይበናል። ቀኑ ይሞቅ ነበር። ምንድን ናት እቺ ልጄ፣ አልኳት። “ማራገቢያ ናት አባባ፤ አንዴ ቻርጅ ካደረግኳት ቀኑን ሙሉ ትውላለች። መብራት ቢጠፋም ግድ የላትም።” ቤቱን ሁሉ ታቀዘቅዛለች ወይ ብላት ሳቀች። “ቤቱን ምን ያደርግልኛል አባባ? እኔን ካቀዘቀዘችኝ ይበቃል” አለችኝና ዞር አድርጋ ወደ እኔ አስነፈሰችልኝ። ቅን ልጅ ናት፤ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ነፋሱ ማጅራቴን ሲነካኝ ተነሣሁ። ደብተሬን ሳልቀበል ወጥቼ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ ስቃ የተናገረችውን ነገር እኔ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያለ አስተማሪ ደርሼበት ነበር፤ ቤቱን ተወው፣ ሰውየውን አቀዝቅዝ።

ያኔ መካነ ሰላም አንድ ዋና መንገድ ነበራት፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ገበያ ሲወጣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው የሚራመድ። የልብስ ሰፊው መኪና በረንዳ ላይ ከጧት እስከ ማታ ይንጫጫል፤ ለሴቱ አቡጀዲ፣ ለወንዱ ካኪ፣ ለሙሽራ ደግሞ ቴትሮን የሚሉት የሚያብለጨልጭ ጨርቅ መጥቶ ነበር። ጠጅ ቤቷ አንዲት ሬዲዮ ነበረቻት። ከሰዓት በኋላ አምባሰል ሲዘፈን መንገደኛው በቅሎውን አቁሞ ይሰማል፤ በቅሎዋም የገባት ይመስል ጆሮዋን ታቆማለች። ዛሬ ያ ማዕዘን ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ዘፈኑ ከአምስት አቅጣጫ ይመጣል፣ ቆሞ የሚሰማ ግን የለም። እኔ የመንግሥት ቢሮው ተላላኪ ነበርኩ። ትምህርቴ ፊደልና ግማሽ ዳዊት ነው፤ ለተላላኪ ይበቃል ተብሎ ካኪ ኮት ተሰጠኝ፤ እግሬ ላይ በረባሶ።

ቢሮው ድሮ ሣር ክዳን ነበር። ቆርቆሮ የለበሰ ጊዜ አገሩ ሁሉ መጥቶ አጨበጨበ። በጋ ሲገባ ግን ነገሩ ገባን። አገራችን ደጋ ነው፣ ጧት ብርዱ ጣት ይቆረጥማል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ እቶን ውስጥ መግባት ነው። የፊተኛው ጸሐፊ ባላምባራስ ጓንጉል ዘዴያቸው አጭር ነበር። ሲሞቃቸው “አውጣው ልጄ” ይሉኛል፤ ጠረጴዛውን ተሸክሜ ግቢው ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር አወጣላቸዋለሁ፤ መዝገቡ እንዳይገለጥ ድንጋይ ይጭኑበታል። ባለጉዳዩ ዙሪያቸውን ቁጢጥ ይላል። አንዱን እየጻፉ ሌላውን ያያሉ፤ “አንተ ምነው ከሳህ? ያች በቅሎህስ?” ይላሉ። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ግቢው ባዶ ይሆናል። እኔ ያንን ከሥራ ቆጥሬው አላውቅም፤ ሙቀት የሸሹ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው የማስበው። እሳቸው ጡረታ ወጥተው በቦታቸው አቶ ፍስሐ መጡ።

አቶ ፍስሐን ክፉ ሰው አድርጌ ብነግራችሁ ለኔ በቀለለኝ ነበር። አልነበሩም። ቡናማ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ከጭነት መኪና ወረዱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሱፍ ሥራ ላይ አውልቀውት አያውቁም። “ደምሴ ወንድሜ” ነበር የሚሉኝ። ጉቦ አይበሉም፣ ሰው አይሰድቡም። አንድ ሕመም ግን ነበረባቸው፤ ሙቀት ሲነካቸው ግማሽ ራሳቸውን ይወጋቸዋል፣ ዓይናቸው ይጠባል፣ ያስመልሳቸዋል። ወይራዋን ባሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “መዝገብ የመንግሥት ነው ደምሴ ወንድሜ። ዛፍ ሥር አይውልም” አሉኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መዝገቡ ላይ ተደፍተው ሳገኛቸው አንጀቴን በሉት።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ይመር ነው። ልጆች ሳለን ዓባይ በረሃ ጥጥ ለቀማ ወርደን ይመርን ንዳድ ያዘው። እናቴ ውኃው ጥቂት ነበርና “ገላውን ሁሉ አታርሰው፤ ውኃው ያልቅብናል። እግሩን፣ ማጅራቱንና የእጁን አንጓ ያዝልኝ፤ ሰው በነዚህ በኩል ነው የሚበርደው” አለችኝ። ሦስት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ያዝኩለት፤ ዳነልኝ። እንግዲህ ያንኑ ለአቶ ፍስሐ አደረግሁ። ጠረጴዛው ሥር ሳፋ ሙሉ ውኃ አስቀምጬ እግራቸውን አስገባሁ፤ ባለጉዳይ እንዳያይ ጠረጴዛውን እስከ መሬት ጨርቅ አለበስኩት። ማጅራታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ። አጠገባቸው የሚያልበው ገንቦ፤ ክንዳቸውን እያስጠጉ አንጓቸውን ያቀዘቅዙበታል። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት በርና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ የሌሊቱን ብርድ አስገባለሁ፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሳትነካ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ መስኮቱ ላይ የራሰ ጆንያ እሰቅላለሁ። ጣራውን ሰንበሌጥ አለበስኩት። ቤቱን በሙሉ ላቀዝቅዝ ብል የአገራችን የቦረና ምንጭ ሁሉ አይበቃኝም ነበር፤ ለአንድ ሰው ግን አንድ እንስራ ውኃ ለቀኑ ይተርፋል።

ሠራ። አቶ ፍስሐ ሱፋቸውን እንደለበሱ ስድስት ሰዓት ላይ ቀና ብለው አዩኝና “ደምሴ ወንድሜ፣ አንተ እኮ መሐንዲስ ነህ” አሉኝ። መሐንዲስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ምስጋና እንደሆነ ግን ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም። አሮጌ የቆዳ ጫማቸውን ሰጡኝ፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል፤ ጨርቅ ጎስጉሼበት ገበያ ለገበያ ተመላለስኩበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ማሻሻያ አመጣለሁ። ጆንያውን ድርብ አደረግሁ፤ በሩ ሥር ያለችውን ክፍተት በጭቃ ደፈንኩ። ጥበቤ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ተዘግቶ መዋል አለበት። ስለዚህ ባለጉዳይ አንድ በአንድ ብቻ እንዲገባ፣ አንዱ ወጥቶ ቤቱ እስኪረጋ ድረስ ሌላው እንዲቆይ ደነገግሁ። ይህን ሕግ አቶ ፍስሐ አላወጡትም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ሰዉ መምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በመጀመሪያ ከቅርብ፣ ከዚያ ከከላላ በኩል፣ ከማሻ በኩል። የእርዳታ እህል ይመጣል፣ ስሙ ያልተጻፈ አያገኝም ተብሎ ነበር። በባላምባራስ ጊዜ ቢሆን ያ ግቢ በሁለት ቀን ተጽፎ ያልቅ ነበር። በኔ ቅዝቃዜ ግን በቀን አሥር ሰው፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ይገባል። አቶ ፍስሐ ለገባው ሰው ጊዜ ሰጥተው፣ የቤተሰቡን ቁጥር ጠይቀው፣ በጥሩ ጽሕፈት ይጽፋሉ። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኗል፤ ውጭውን አያዩም፤ ጧትም ሰዉ ሳይሰበሰብ ገብተው ከመሸ ነው የሚወጡ። “ብዙ ሰው አለ?” ሲሉኝ “አለ ጌታዬ” እላለሁ። ይህ ሐሰት አልነበረም። ስንት እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም ስንት ብዬ አልነገርኳቸውም።

ውኃውን የምታመጣልኝ ዘሃራ የምትባል ባልቴት ነበረች። ምንጩ እየሸሸ ሲሄድ መንገዷ ረዘመ፤ አህያዋ ሞተችባትና እንስራውን በጀርባዋ ማመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን እንስራዋን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

“ደምሴ፣ ይኸ ውኃ ለማን ነው?”

“ለጸሐፊው ነው እትዬ ዘሃራ።”

“በቀን አንድ እንስራ ይጠጣሉ? ማሻአላህ፣ ግመል ነው የላኩልን በለኛ።”

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ዓይኗ ግቢው ላይ ነበር። ማታ ሳፋውን ወይራዋ ሥር ልደፋ ስወጣ አንዲት ሴት ቅል ይዛ ተከተለችኝ። የእግር እጣቢ ነው እኮ አልኳት። “ውኃ ነው እኮ” አለችኝ። ከገንቦው ቀድቼ ሰጠኋት፤ ሌላው ሲያይ ሌላው መጣ፤ ገንቦው አለቀ። በማግስቱ ሳፋውን ጓሮ ዞሬ፣ ሰው ሳያየኝ መድፋት ጀመርኩ። እንደዚህ ያለ ሰው ነበርኩ፤ ክፋት የለብኝም፣ ማየት ብቻ እፈራለሁ።

ወንድሜ ይመር የመጣ ዕለት ሰኞ ነበር፤ ይህን አልረሳውም። ከከላላ ማዶ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ ነው የደረሰ። በሬዎቹ ሁለቱም ሞተውበታል። መንግሥት ፊት ታጥቦ ነው የሚቀረበው ብሎ ጋቢውን አጥቦ ነጭ አድርጎ ነበር፤ ከሩቅ ስታየው ክርስትና የተጠራ ይመስላል፤ ስታቅፈው ግን አጥንት ነው። ግንቡ ሥር ከሰዉ መካከል ተቀምጦ አገኘሁት።

“ምነው ወንድምዓለም፣ ወደ ቤት ሳትመጣ?”

“ተራ ይዤ ነው። ተራዬን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?”

“ነገ በመጀመሪያ አንተን አስገባለሁ።”

“ተው ደምሴ። በወንድሙ ገባ ይሉኛል። እኒህ ኸኔ ቀድመው ነው የመጡ።”

“ልጆቹስ?”

“ኸናታቸው ጋር ናቸው። ትንሽ ሽምብራ ትቼላቸዋለሁ። ኧረ አንተ፣ እኔ እኮ እዚህ ግቢ ውስጥ ሀብታሙ ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ ወንድም ያለው ማን አለ ኸኔ በቀር?”

ይህንን ቀልድ ብዬ ነበር የሰማሁት። ቀልድ አልነበረም። ማክሰኞ ተራው ሊደርስ ሲል ለአንዲት ነፍሰ ጡር ተወላት። ረቡዕ ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ። “እናንተ ማን አላችሁ? እኔስ ወንድም አለኝ” ይላቸዋል፤ ሰዉም ይመርቀዋል፤ እሱም ምርቃቱን ይዞ እነሱ ወደነበሩበት ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱ ወንድሜ ውስጥ አለ ብሎ ይተዋል፤ እኔ እሱ አይሆንም ብሎኛል ብዬ እተዋለሁ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁለት ወንድማማች ተከባብረን አንድ በር ላይ ቆመን ቀረን። ማታ ጎጆዬ ወስጄ ያለችኝን ቂጣ ስገምስለት ግማሹን ይበላና ግማሹን ጋቢው ጫፍ ላይ ይቋጥራል፤ ለልጆቹ ነው። ለአቶ ፍስሐ አንዲት ቃል ብናገር፣ “ጌታዬ፣ ወንድሜ ውጭ ነው” ብል፣ በዚያው ደቂቃ እንደሚጠሩት አውቅ ነበር። ግን ያመሰገነኝን ሰው በወንድሜ ጉዳይ ላስቸግር? አፍሬ ቀረሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘሃራ ውኃውን ስታወርድ ጠራችኝ። ይመርን አይታው፣ አዋርታው ኖሯል።

“ደምሴ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ። አንድ ነገር ልንገርህ?”

“ይንገሩኝ እትዬ።”

“ነገ ውኃ አላመጣም። ጆንያህን አትስቀል። በሩን ክፈተው። ይሞቃቸዋል፤ ሲሞቃቸው እንደ ባላምባራሱ ይወጣሉ። ሲወጡ ያያሉ።”

“ራሳቸውን ያማቸዋል እትዬ ዘሃራ። አያውቁም እንጂ ሕመማቸው ክፉ ነው።”

“ያማቸው። ኸራስ ምታት የሞተ ሰው አላየሁም፤ ወላሂ አላየሁም።”

ሌሊቱን ነገሯን ሳገላብጥ አደርኩ። እውነቷን እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልገባኝም ነበር ብዬ ማምለጫ የለኝም። ጧት ስነሣ ግን እጄ ልማዱን ሠራ። ውኃ ባታመጣልኝ ራሴ ምንጭ ወርጄ ቀዳሁ፤ ጆንያውን ነከርኩ፣ ሰቀልኩ፣ በሩን ዘጋሁ። አቶ ፍስሐ ገብተው እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ሲያስገቡ “እፎይ” አሉ። ያቺን “እፎይ” እወዳት ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እስከ ዛሬ ሥራዬን በእንደዚያ ያለ ፍቅር ሠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ ወደ ማታ ይመርን አተኮሰው። ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ገብቶ ነበር፤ ያን ሰሞን ከረሃቡ ይልቅ እሱ ነበር የሚያጭደው። ዛሬስ ግድ ነው፣ ላስገባህ ስለው በእጁ ገፋኝ። “ሁለት ሰው ብቻ ነው ኸፊቴ የቀረ። ነገ ጧት ተራዬ ነው። እንግዲህ አራት ቀን ጠብቄ መጨረሻ ላይ ላፍር?” አለኝ። ነጩ ጋቢ አቧራ መስሏል። ዓርብ ጧት ደግፌ አምጥቼ በሩ አጠገብ ግንቡን አስደግፌ አስቀመጥኩት። አንዱ ባለጉዳይ ገባ፤ ልጁ ብዙ ነበርና ጊዜ ወሰደ። እሱ ወጥቶ በሩን ዘጋሁና ለአቶ ፍስሐ የማጅራታቸውን ፎጣ ልለውጥላቸው ጨመቅሁ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። “ደምሴ! ደምሴ ክፈት!” የዘሃራ ድምፅ ነው። “ቆይ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል” አልኩ። ፎጣውን ዘረጋሁ፣ አጠፍሁ፣ አስተካክዬ ማጅራታቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ገንቦውን አዙሬ እርጥቡን ጎን ወደ እጃቸው አደረግሁ። ከዚያ ከፈትኩ። ዘሃራ የይመርን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዬ አቶ ፍስሐ “ደምሴ ወንድሜ፣ በሩ” አሉኝ።

ዘጋሁት። ይህንንም ልንገራችሁ፤ ዘግቼው ነው ወደ ወንድሜ የሄድኩት።

በማግስቱ ቀብረነው ስመለስ ወደ ቢሮ ሄድኩ፤ ሌላ መሄጃ አላውቅም ነበር። ጆንያውን አልሰቀልኩም፤ አውቄ አይደለም፣ ክንዴ አልነሣልህ ስላለኝ ነው። ሳፋው ደረቅ ነበር። በሩን ከፍቼ ተውኩት። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። አቶ ፍስሐ ከረባታቸውን አላሉ፣ ግንባራቸውን ያዙ። “ውኃ የለም?” አሉኝ፤ የለም አልኳቸው። ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። ደጃፉ ላይ እንደ ሐውልት ቆሙ።

“ይህ ሁሉ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ሰንብተዋል ጌታዬ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

ሱፋቸውን አወለቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸሚዝ አየኋቸው። “ጠረጴዛውን አውጣው” አሉኝ። ወይራዋ ሥር ተቀምጠው እስከ ማታ ጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ጓሮ ሄደው አስመለሳቸውና ተመልሰው ጻፉ። ግቢው በአንድ ቀን ተኩል ተጽፎ አለቀ። በመጨረሻ “የይመር ቤተሰብ” ብዬ ስም ሰጠሁ፤ ሚስት፣ ሁለት ልጆች። አባወራው የት ነው ሲሉኝ ዓርብ ዕለት በሩ ላይ የሞተው ነው፣ ወንድሜ ነው አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ለምን አልነገርከኝም?” አሉኝ እንደገና፤ ድምፃቸው ግን የፊተኛው አልነበረም። አንድ ደረቅ ቀን ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ወንድሜን ለማዳን ምንም ነገር ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር፤ አለማድረግ ብቻ። ያን አላደረግሁም።

መጻፉስ ምን ጠቀመ ትሉኝ ይሆናል። እህሉ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ። ስሙ ተጠርቶ አቤት የሚል የጠፋበት ብዙ ነበር። የይመር ሚስት ትልቁን ልጇን ይዛ መጣች፤ ታናሹ ሞቶባት ነበር። ድርሻዋን ሰጥቻት ግንቡ ሥር አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት፤ ሳፋውን፣ ጆንያውን፣ ዘሃራ ያለችኝን፣ ፎጣውን፣ በሩን። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ።

“ስንት ሰው ነበር ኸፊቱ?” አለች።

“አንድ። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ገብቶ ወጣ።”

“አንድ” አለች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አጠበቀች። “በል ተሸከምልኝ። እህሉ መንገድ ይፈልጋል።” አንድ ቀን ተኩል ተሸከምኩላት። ቤቷ አድርሼ ስመለስም ሂድ አላለችኝም፣ ቆይ አላለችኝም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ካኪ የለበሱ ወጣቶች ከትልቅ ከተማ መጥተው ገበያው ላይ ስብሰባ ጠሩ፤ ጥሩ ጥሩ ልጆች ነበሩ፣ ድምፃቸው ያምራል። አቶ ፍስሐን መሐል አቁመው፣ ሕዝብ በፀሐይ ሲያልቅ እግሩን በውኃ ነክሮ የተቀመጠ ነው አሉ። ሳፋውንም አምጥተው አሳዩ። ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። “ውኃውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “ተገደህ ነው” አለኝ አንዱ። አልተገደድኩም፣ ወድጄ ነው አልኩ። ሳቁ። “ጓዶች፣ ጭቁኑ ጭቆናውን እንደማያውቅ እዩ” አለና እጄን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ፤ ሕዝቡም አጨበጨበልኝ። የወንድሜን ሞት ተሸክሜ ሄጄ ማስቀመጫ አሳጡኝ። አቶ ፍስሐን መኪና ላይ ሲያወጧቸው አንዱ ስለኔ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው። ወደ እኔ አዩና “ጥሩ ሠራተኛ ነው” አሉ። ወደ ደሴ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገቡ የነገረኝ የለም። በዚያች ቃል ፈንታ ሰድበውኝ ቢሄዱ እወድ ነበር።

በማግስቱ የካኪ ኮቱንና የቆዳ ጫማውን ቢሮው ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በባዶ እግሬ ወደ ከላላ ማዶ ሄድኩ። ምን ልሠራ እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ወድቄ ብቀር ግድ አልነበረኝም። የይመር ሚስት ማሳው ላይ ነበረች፤ በሬ የለም፣ መሬቱን በዶማ ትቆፍራለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

“እዚያ መኖር አቃተኝ” አልኳት።

ቀና ሳትል “እዚህስ ማን ኖረ?” አለችኝ። ከዚያ በአገጯ አመለከተችኝ። “ሌላው ዶማ እዚያ አለ። ይመር እጀታውን አሳጥሮት ነው፤ ወገብህን ያምሃል።”

ቆፈርኩ። ያን ዓመት የዘራነው ብቅ ብሎ ቀጠነ፤ ለከርሞው የተሻለ ቢሆንም የሚበላው ሰው አንሶ ነበር። ትልቁን ልጅ በኋላኛው ድርቅ ጊዜ ለሰፈራ ብለው ወሰዱት፤ ደብዳቤ አልመጣም፣ እሱም አልመጣም። እኔ አላገባሁም። ጧት ጧት መነሣት የሚያቅተኝ ዘመን ረጅም ነበር፤ ዓይኔን ገልጬ ጣራውን እያየሁ የዚያን በር ማንኳኳት እሰማለሁ። እሷ ደጅ ቆማ “ተነስ፣ ፀሐይ ሳይበረታ” ትለኛለች፤ እነሣለሁ። ስንት ሺህ ጧት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ይቅር ብዬሃለሁ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ ብትለኝም አላምናትም ነበር። ካረፈች ሰነበተች፤ አሁን ጧት የሚቀሰቅሰኝ የለም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ያ ሁሉ ነገር የሚመላለስብኝ። ሰው ሁሉ የይመር ሚስት ይላት ነበር፤ እኔም አንድ ቀን በስሟ ሳልጠራት ሞተች። እናኑ ትባል ነበር።